ጥያቄ፦ በአንድ ብርሃን ለኪ ብቻ ምስል ማንሳት፣ ጭጋግ ብቻ ወጣልኝ

ኢንጅነሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለ ካሜራ፣ በአንድ ኤልዲአር (ብርሃን ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ የሚቀየር ለኪ) ምስል ለማውጣት እየሞከርኩ ነው። ላፕቶፑ ጥቁርና ነጭ የሃዳማርድ ፓተርን (በሒሳብ ቀመር የተደረደሩ ካሬዎች) እየቀያየረ ፊቱ ያስቀመጥኩትን ስኒ ያበራል። አርዱይኖው (ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ደግሞ ስንት ብርሃን እንደተመለሰ ያነባል፤ ምስሉ ከንባቦቹ በስሌት ይወጣል። ምስሉ 32 በ32 ነጥብ ስለሆነ 1024 ፓተርን ነው። የሚወጣው ግን ጭጋግ ነው። ምን ጎደለኝ? በዚሁ ብርሃን ለኪ ድምፅም ይቀዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

አባ ሶልደር፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ኤልዲአሩን ጣይው። ብርሃን ሲቀየር ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው፤ ያለፈው ፓተርን ሳይለቀው ቀጣዩ ይደርስበታል። ቢፒደብልዩ 34 ፎቶዳዮድ (ፈጣን ብርሃን ለኪ) ፈልጊ። ከ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ጀምሪ፤ ንባቡ 1023 ላይ (የአርዱይኖው ጣሪያ) ከተጣበቀ ሬዚስተሩን ቀንሽው።

የሌንስ ሰው፦ ዳዮዱ ብቻውን አያድናትም። ስክሪን ሌንስ የለውም። ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚወጣው ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበተን፣ ፓተርኑ ስኒው ጋ ሲደርስ ተደባልቆ አልቋል። ወይ ፕሮጀክተር ተዋሺ፣ ወይ ከጥቁር ወረቀት «ሀ»ን ቆርጠሽ ስክሪኑ ላይ ለጥፊና ዳዮዱን ግማሽ ሜትር አርቀሽ ወደ ስክሪኑ አዙሪው። በነፃ የሚሠራው ይኼ ነው።

ናቲ ኮድ፦ የክፍሉን መብራትም አጥፊ። የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ፓተርኑ ከተቀየረ በኋላ 100 ሚሊሰከንድ ጠብቂ፣ ከዚያ የ20 ሚሊሰከንድ ንባብ አማካይ ውሰጂ። እያንዳንዱን ፓተርን ከግልባጩ (ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ከሆነበት) ጋር አሳዪና ልዩነቱን ያዢ። 2048 ንባብ፣ አራት ደቂቃ ገደማ። ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ።

አባ ሶልደር፦ ድምፁ እውነት ነው፣ አሮጌ ነገር ነው እንዲያውም። በስልክ የሚታወቀው ግርሃም ቤልና ረዳቱ ቴይንተር እ.ኤ.አ. በ1880 ዋሽንግተን ውስጥ ንግግርን በፀሐይ ብርሃን ልከዋል፤ ተቀባዩ ሴሌኒየም (ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የሚቀየር ንጥረ ነገር) ነበር። አንቺ በተወጠረ ፊኛ ላይ ትንሽ የመስታወት ስባሪ ለጥፊና ሌዘር አብሪበት። የተንጸባረቀው ነጥብ ግማሹ ዳዮዱ ላይ፣ ግማሹ ከዳዮዱ ውጭ ይረፍ። ፊኛው ሲንቀጠቀጥ ዳዮዱ የሚያገኘው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያ ድምፅሽ ነው። ሙሉው ነጥብ ዳዮዱ ላይ ካረፈ ምንም አትሰሚም። ሌዘሩ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ አደራ፣ የተንጸባረቀውም ቢሆን!

ኢንጅነሯ፦ ዳዮዱን ቀየርኩ፣ «ሀ» ወጣች!! ግን በጎኗ ተኝታለች።

ናቲ ኮድ፦ ፓተርኑን በፓይተን ሠርተሽ ምስሉን በማትላብ ነው የምታወጪው አይደል? አንዱ ፕሮግራም ቁጥሮቹን በረድፍ፣ ሌላው በዓምድ ነው የሚደረድረው። ትራንስፖዝ አድርጊያት (ረድፉን ከዓምዱ አቀያይሪ)፣ ትነሳለች።