ጥቆማ፦ ከጡረታ በኋላ ወር በወር የሚገባ ገንዘብ፣ የትኛው ያስተማምናል?

ሰላም ለኮዬ ፈጬ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለገላንና ለለገጣፎ ሰዎች። «አባቴ በሚቀጥለው ዓመት 60 ይሞላቸዋል፤ ከመሥሪያ ቤታቸው ፕሮቪደንት ፈንድ አንድ ሚሊዮን ብር አካባቢ ይደርሳቸዋል፤ ምን ይደረግበት?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ መልስ ተሰጥቷል። አንዱ ባንክ ይላል፣ ሌላው አክሲዮን፣ ሌላው ጓሮ ውስጥ ሰርቪስ ሥሩበት ይላል። እኔ የማወዳድረው በአንድ ነገር ነው፤ አባትህ 75 እና 85 ዓመት ሲሆናቸው ወር ሲደርስ እጃቸው ላይ ምን ይገባል?

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር አጣራ፤ አባትህ ከፕሮቪደንት ፈንዱ (ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ አዋጥተው ሥራ ሲለቅ በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው ገንዘብ) ሌላ ጡረታ አላቸው? የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የመጣው በአዋጅ 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ድርጅቶች በዚያው የቀጠሉ ስላሉ፣ ሠራተኛው ፈንዱን ሲቀበል ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ጡረታ ካላቸው ደግሞ ስሌቱ ይህ ነው፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ተጨምሮ እስከ 70 በመቶ። ከ2003 ወዲህ ብቻ የተቆጠረላቸው ሰው 15 ዓመት ቢኖራቸው 36.25 በመቶ ያገኛሉ። አማካይ ደሞዛቸው 12,000 ብር ከነበረ በወር 4,350 ብር መሆኑ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን እስከ ዕለተ ሞት አይቋረጥም፣ ለትዳር ጓደኛም ግማሹ ያልፋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠሩበት ዘመን ካለ ይደመርላቸዋልና የድሮውን የቅጥር ደብዳቤ ፈልጉ። 10 ዓመት ለመሙላት ጥቂት የቀረው ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ሥራውን እንዳይለቅ ምከሩት። ከዚህ በታች የማነሳቸው አማራጮች አንዳቸውም ያንን አይተኩም።

ባንክ ቅርብ ነው፣ በፈለጉ ጊዜ ይወጣል። ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በዚህ ሂሳብ አንድ ሚሊዮን ብር ዋናው ሳይነካ በወር 5,800 ብር ገደማ ይወልዳል። አይበቃም ተብሎ በየወሩ 10,000 ብር ቢወጣ ግን በ12 ዓመት ተኩል ያልቃል። በ60 የጀመረ ሰው 72 ላይ፣ ሕክምና በሚበዛበት ዕድሜ፣ ባዶ ደብተር ይዞ ይቀራል። ደግሞም የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ የሚሸፍነው በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ባንክ ላይ አካፍሉት። በጊዜ ገደብ ለሚቀመጥ ገንዘብ ወለዱ በድርድር ነው፤ የተለያዩ ባንኮችን ጠይቁ፣ አንዱ ያላችሁን ለሌላው ንገሩት።

ጥቂት ሰው ብቻ የሚያነሳው አማራጭ አኑይቲ ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ወይም ለዓመታት በመዋጮ ለሕይወት መድን ሰጪ ትከፍላላችሁ፤ ኩባንያው ደግሞ በሕይወት እስካላችሁ ድረስ በየወሩ ይከፍላል። 95 ዓመት ብትኖሩም ይከፍላል። ቀድመው ከሚሞቱት የሚተርፈው ብዙ ለሚኖሩት ስለሚውል ነው ይህ የሚቻለው። እድር ለሞተው እንደሚዋጣ፣ ይህ ረጅም ዕድሜ ለሚኖረው የተዋጣ እድር ነው። ለብቻው ለሚኖር ወይም ልጆቹ ሩቅ ለሆኑበት ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ከልቤ ነው የምለው።

ግን ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ገንዘቡ አንዴ ከገባና ክፍያው ከጀመረ በኋላ ለልጅ ሠርግ ወይም ለቀዶ ሕክምና መልሱልኝ ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ የምትቀበሉት ብር ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ አይለወጥም፣ ገበያው ግን ይለወጣል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሁላችንም ዘይትና ጤፍ ስንገዛ አይተነዋል። ንረቱ በዓመት 15 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በወር የሚከፈል 10,000 ብር በአምስት ዓመት ውስጥ ዛሬ 5,000 ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ይገዛል። ለዚህ ነው ያላችሁን ሁሉ እዚህ አታስገቡ የምለው።

የሕይወት መድን የሚሠሩት የመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት፣ አዋሽ ኢንሹራንስ፣ ኒያላ፣ ኢትዮ ላይፍና ሌሎችም ናቸው። በአገራችን የመድን ገበያ የሕይወት መድን ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ከዚያም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ውል ጊዜው ሲደርስ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ የሚከፍል የቁጠባ መድን ነው። እሱ መጥፎ አይደለም፤ ግን አኑይቲ አይደለም። ስለዚህ ወኪሉ «የጡረታ ዋስትና» ቢላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት፦ ክፍያው እስክሞት ነው ወይስ ለተወሰነ ዓመት? በሁለተኛው ዓመት ብሞት ለቤተሰቤ ምን ይቀራል? ባለቤቴ ከእኔ በኋላ ብትቆይ ይቀጥልላታል? ክፍያው በየዓመቱ ያድጋል? ውሉን አቋርጬ ብወጣ ስንት ይቆረጥብኛል? በቃል ብቻ የሚመልስ ከሆነ ሌላ ኩባንያ ሂዱ። የሁሉም ተቆጣጣሪ ብሔራዊ ባንክ ነው።

ሰርቪስ ቤት እኛ ሰፈር የታወቀው ጡረታ ነው፤ ምክንያትም አለው። ኪራይ ከገበያው ጋር ይራመዳል፣ ቤቱም ለልጅ ይቀራል። ሆኖም ተከራይ ሲለቅ ክፍሉ ባዶ ይውላል፣ ጣሪያ ያፈስሳል፣ ሽንት ቤት ይሞላል፤ 80 ዓመት ሲሞላ ይህን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ አዋጁን፣ 1320/2016ን፣ እወቁ፤ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪም እንደ ድሮው በራስ ፈቃድ አይደረግም። የይዞታ ማረጋገጫ በሌለው መሬት ላይ ግን የጡረታ ገንዘብ አታፍስሱ። በዚህ ላይ ምንም አማራጭ አልሰጥም።

አክሲዮን ለወጣት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ትርፍ ክፍፍል የሚመጣው ድርጅቱ ካተረፈና ከወሰነ ነውና የአስቤዛ ገንዘብ እዚያ አይገባም።

አባትህን እኔ ብመክራቸው፣ ጡረታ ከሌላቸው ከሚሊዮኑ ሲሶውን የዕድሜ ልክ ክፍያ ለሚጽፍላቸው ኩባንያ እሰጣለሁ። በሌላው ሲሶ ሕጋዊ ግቢ ካላቸው ሁለት ክፍል እሠራለሁ። የቀረውን ለሕመምና ለድንገተኛ በሁለት ባንክ አስቀምጣለሁ። ጡረታ ካላቸው የዕድሜ ልክ ገቢ አለና አኑይቲውን ትቼ ወደ ቤቱና ወደ ባንኩ አደላለሁ።

ሌሎች ለጠየቃችሁኝም አጭር መልስ ልስጥ። ለገጣፎ ያሉት እህቴ፦ ስለ ቁጠባ መድን «በ15 ዓመት እጥፍ ይሆናል» ያለዎት ወኪል የነገረዎት፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከከፈሉ፣ በዓመት 5 በመቶ የማይሞላ ዕድገት ነው። በ7 በመቶ የባንክ ወለድ ገንዘብ እጥፍ የሚሆነው በአሥር ዓመት ገደማ ነው። ከልዩነቱ አንዱ ክፍል የሞት ሽፋኑ ዋጋ ነው፤ ልጆችዎ ትንንሽ ከሆኑ ሊያዋጣ ይችላል፣ ካደጉ ግን አያስፈልግዎትም።

ገላን ፋብሪካ የምትሠራው ወንድሜ፦ ከደሞዝህ 7 በመቶ መቆረጡ ብቻውን አይበቃም። አሠሪው የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ በስምህ ገቢ ማድረግ አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥርህን ይዘህ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቢሮ ሄደህ አስተያይ። አሁን ከሆነ ይስተካከላል፤ ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ግን ማንን ትይዛለህ?

ለእትዬ ደግሞ፣ ከባለቤትዎ በኋላ ጡረታው እንዲያልፍልዎ ጋብቻው በማስረጃ መታወቅ አለበት። በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን የተጋባችሁ ከሆነ ሁለታችሁም በሕይወት እያላችሁ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ የልጆችንም የልደት ምስክር ወረቀት አብራችሁ አውጡ።