የቆሮሶ ጫጩቶች የማያመልጡት ርቧቸው ነው ወይስ ገና ስላልደረሱ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ዳር ባለች ትንሽ ኩሬ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ አረባለሁ። ጥላዬ ውሃው ላይ ሲያርፍ አብዛኞቹ ጫጩቶች ብትን ብለው ወደ ጥልቁ ሲገቡ፣ ጥቂቶቹ ግን ዳር ዳሩን እንደዋኙ ይቀራሉ፤ ወፎች የሚለቅሟቸውም እነዚህኑ ነው። ጉዳዩ የዕድሜ ነው ወይስ የረሃብ? የምታውቁ ብታብራሩልኝ ውለታችሁ አለብኝ።

መልስ (ደሴ)፦
ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። የዓሣን ድንገተኛ ሽሽት የሚያስነሱት በኋለኛው አንጎሉ ግራና ቀኝ የሚገኙት ሁለት ግዙፍ የነርቭ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ የማውትነር ሕዋሳት ይባላሉ። አደጋው በግራ ከመጣ የግራው ሕዋስ ትእዛዙን አሻግሮ የቀኙን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ዓሣውም በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ገላውን እንደ ቅስት አጥፎ ይፈተለካል። እነዚህ ሕዋሳት ገና በፅንስነቱ ስለሚበቅሉ፣ ዘግይቶ የሚጠነክረው ይልቁን ጡንቻው ነው። ለደቃቅ እጭ (ገና ለተፈለፈለ ዓሣ) ደግሞ ውሃው ራሱ እንደ ዝልግልግ ነገር ስለሚይዘው፣ ቶሎ ቢደነግጥም ሩቅ አይሄድም። ቆሮሶ ይህን ደካማ ጊዜ በእናቱ አፍ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከወጣ በኋላም ለጥቂት ቀናት አደጋ ሲመጣ ተመልሶ ይገባል።

አስኳሉን ጨርሶ ምግብ ያጣ እጭ ግን የገዛ ጡንቻውን እየበላ ይኖራል። ሄሪንግና ኮድ በተባሉ የባሕር ዓሦች እጮች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከተፈለፈሉ በኋላ እየጨመረ የሄደው የሽሽት ፍጥነት ረሃብ ሲበረታ መልሶ ቀንሷል። ስለዚህ የእርስዎ ጫጩቶች በራሳቸው መዋኘት ከጀመሩ ቆይተው ከሆነ፣ እኔ ረሃብን እጠረጥራለሁ።

ሌላ መልስ (ደሴ)፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተራበ ጫጩት የሚበላው ማምለጥ ስላቃተው ብቻ አይደለም፤ ምግብ ፍለጋ መሸሸጊያውን ለቆ ይወጣል፣ አደጋውን እያየም ከምግቡ ቶሎ አይነሳም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የሎጎ ሐይቅ፣ ቆሮሶ ዓሣ ከሚበላው ከአምባዛ ጋር በአንድ ውሃ ስለሚኖር ይህ ድፍረት ሕይወት ያስከፍላል።

የቀሩትን በመረብ አውጥተው ይመልከቷቸው። ሆዱ ጎድጉዶ ጭንቅላቱ ከገላው የገዘፈው ተርቧል፤ ሆዱ ሞላ ብሎ ገላው ብቻ ያነሰው ገና አልደረሰም። ትልልቆቹ ምግቡን ስለሚሻሙና ታናናሾቻቸውን ስለሚበሉ፣ በመጠን ለይቶ ማሳደግ ግድ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የወጡት አብዛኞቹ ሆዳቸው የጎደጎደ ነው። መኖውን አንድ ቦታ እበትን ስለነበር ለደካሞቹ ሳይደርስ ይቀር ነበር ማለት ነው?

መልስ (ደሴ)፦
አዎን፣ ሳይሆን አይቀርም። መኖውን እንደ ዱቄት አልመው፣ በቀን ደጋግመው በጥቂት በጥቂቱ በኩሬው ዙሪያ ይበትኑት፤ እስኪያገግሙም ዳሩን በመረብ ይሸፍኑላቸው።