ቬኒስ ለሚያዝያ ማርቆስ፦ እህቴ በግሪን ካርድ መግባት ትችላለች?

የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ቨርጂኒያ ናት። ከተያየን 11 ዓመት ሆነን። እኔ የያዝኩት ለስደተኛ የሚሰጠውን ሰማያዊ ፓስፖርት ነው፣ አገር ቤት መግባት አልችልም። እሷ ግሪን ካርድ አላት፣ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። ቬኒስ ላይ እንገናኝ ብለናል። አባታችን የደብረ ማርቆስ ሰው ነበር። ሚያዝያ 30 በመጣ ቁጥር «የማርቆስ አፅሙ ባሕር ማዶ፣ ቬኒስ ነው ያለው» ይለን ነበር። ካረፈ 3 ዓመቱ ነው። ሁለታችንም አልቀበርነውም። በዓሉን እዚያ ሆነን እናስበው ብለን ነው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 8 ይውላል። ጥያቄዬ፦ እህቴ በግሪን ካርዷ ብቻ ጣልያን መግባት ትችላለች? አንድ ሰው ትችያለሽ ብሏት ትኬት ልትቆርጥ ነው። ለልጆቼስ ምን ይጠየቃል? ትንሿ ገና በጋሪ ነው የምትሄደው።

የኮሎኙ
እህቴ፣ ዛሬውኑ ደውይላትና ትኬቱን እንዳትቆርጥ ንገሪያት! ግሪን ካርድ የአሜሪካ መኖሪያ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አሜሪካም ኖረ አዲስ አበባ የሼንገን ቪዛ (የጣልያን፣ የጀርመንና የሌሎች የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልገዋል። የነገራት ሰው ከትራንዚት ጋር አምታቶት ይሆናል። እዚህ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ቀይሮ ለማለፍ ብቻ ከሆነ ግሪን ካርድ ከትራንዚት ቪዛ ነፃ ያደርጋል። ወጥቶ ከተማ ለመግባት ግን አይሆንም።

ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ያስፈልጋታል። ጊዜውን ደግሞ አትናቁት። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ ሕጉን አጥብቆ፣ የ15 ቀኑን መልስ 45 ቀን አድርጎታል። ቀጠሮ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆይበት አገር ነው። እህትሽ ቬኒስ 4 ቀን፣ አንቺ ቤት 8 ቀን ከሆነች ለጀርመን ቆንስላ ነው የምታስገባው። ቬኒስ ብቻ ከሆነ ለጣልያን። መጀመሪያ ቀኖቹን ወስኑ።

አንቺ በሰማያዊው ፓስፖርትና በመኖሪያ ካርድሽ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ። ልጆቹም የየራሳቸውን ፓስፖርትና ካርድ ይያዙ። ጊዜው ያለፈበት ካለ አሁኑኑ አሳድሺ።

ፓዶቫ ነዋሪ
እኔ ቬኒስ ሆቴል ነው የምሠራው፣ በየቀኑ በባቡር እመላለሳለሁ። ስለ ጋሪው ልንገርሽ። ከተማው ውስጥ መኪና የለም፣ ብስክሌትም የለም። ከ400 በላይ ድልድይ አለ፣ አብዛኛው ደረጃ ነው። ትልቁን ጋሪ ተዪው፣ ልጅቷን እዘያት። ሻንጣም ቀለል ያለ ይሁን። እናቶች ሻንጣና ጋሪ ይዘው ድልድይ ላይ ሲቸገሩ ሳይ ሁልጊዜ አንጀቴን ይበላኛል።

ማደሪያ መስትሬ ያዙ፣ በየብሱ በኩል ያለው የቬኒስ ክፍል ነው። በባቡር 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ቫፖሬቶ የሚሉት የሕዝብ ጀልባ አንድ ትኬት 9.50 ዩሮ ነው። በቀን ሦስቴና ከዚያ በላይ ከተሳፈራችሁ የ24 ሰዓቱ ትኬት ይሻላል። ከባቡር ጣቢያው 1 ቁጥርን ያዙ፣ በትልቁ ቦይ መሃል ቀስ እያለ ማርቆስ አደባባይ ያደርሳችኋል። ጎንዶላ፣ በመቅዘፊያ የሚሄደው ጀልባ፣ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነው። ክፍያው ለጀልባው ስለሆነ አራታችሁም በአንድ ትሄዳላችሁ።

ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአንዳንድ ቀን ለውሎ የሚመጣ ሰው መግቢያ ይከፍላል። መስትሬም ብታድሪ የከተማው አዳሪ እንግዳ ስለሆንሽ አትከፍዪም፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ተመዝግበሽ ኮዱን መያዝ አለብሽ።

የስቱትጋርቱ
አልፈርድም፣ ግን ልናገር። የቪዛ፣ የትኬት፣ የሆቴል ድምር 3,000 ዩሮ አያንስም። ጎጃም ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ ማዳበሪያ የለም። እኔ የእህቴን ልጆች ነው የማስተምረው። ይህን ብር ጀልባ ላይ ማውጣት ይከብደኛል። ሁለታችሁ በቪዲዮ እየተያያችሁ ብሩን ለቤተሰብ ብትልኩት አባታችሁም ደስ የሚለው ይመስለኛል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት
ወንድሜ፣ በየወሩ እልካለሁ። ባለፈው ወር አክስቴ ለቆርቆሮ ጠይቃኝ ለጉዞው ካስቀመጥኩት ላይ አንስቼ ላክሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ቢሮ እያጸዳሁ ነው ያጠራቀምኩት። በቪዲዮማ 11 ዓመት ተያየን። እህቴ ልጆቼን አቅፋ አታውቅም።

ከቤይሩት
ስቱትጋርት ያለኸው ወንድሜ፣ እኔ 9 ዓመት ሰው ቤት እየሠራሁ ልኬያለሁ። ቤት ተሠራ፣ ወንድሜ ተዳረ። እናቴ ስትሞት ግን አልደረስኩም። ብሩ ደረሰ፣ እኔ አልደረስኩም። እህትማማቾቹ ይገናኙ።

የስቱትጋርቱ
እናትሽን ነፍስ ይማር። እኔም የአባቴን ቀብር በስልክ ነው የሰማሁት፣ የምትይው ይገባኛል። ነገር ግን የተራበ ሰው እያለ መጎብኘት ለእኔ ቅንጦት ነው። ከዚህ ሐሳቤ አልመለስም።

አዛውንት ከሮም
ልጆቼ፣ ቅንጦት የሚለው እዚህ ላይ አይገባም። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን መንበር የማርቆስ ነው። እስከ 1959 እ.ኤ.አ. የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ሲሾምላት የኖረው ከዚያ መንበር ነው። አፅሙን የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 ከእስክንድርያ ወሰዱት። በአሳማ ሥጋ ሸፍነው ነው ያወጡት ይባላል፣ ጉምሩኮቹ እንዳይነኩት። በቬኒሱ የማርቆስ ባዚሊካ፣ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ የፊት ለፊት ግድግዳ ላይ፣ በግራ ጫፍ ካለው በር በላይ፣ አፅሙ ሲገባ የሚያሳይ የሞዛይክ ሥዕል አለ። በ1968 ሮም ከአፅሙ ከፍላ ለግብፆች መለሰች። በዚያው ሰሞን ካይሮ የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይ በቦታው ነበሩ።

እኛም ለቬኒስ እንግዳ አይደለንም። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው ገብተውባታል። ማርቆስ አደባባይ ላይ በኮረር ሙዚየም በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 አካባቢ የሠራው ትልቅ የዓለም ካርታ እዚያ አለ። ደቡቡ ወደ ላይ ስለሆነ አገራችንን ከላይ በኩል ፈልጓት። አባይ አለ። የዚያ አገር ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ ጽፎታል። ለልጆቹ አሳዪያቸው።

የስቱትጋርቱ
አባቴ፣ ታሪኩን አከብራለሁ። የተራበ ሰው ግን ታሪክ አይበላም።

ከቤይሩት
አባቷን ልታስብ ነው የምትሄደው አልተባለም እንዴ? ተዝካር ብታወጣ ይሄን ያህል ታወጣ ነበር፤ ያኔ ቅንጦት የሚል አንድ ሰው አይገኝም።

የኮሎኙ
ክርክሩን ለሌላ ቀን እናቆየው። እህቴ፣ ቀኖቹን አልነገርሽንም። ጣልያን ይበዛል ወይስ ጀርመን?

የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት
አሁን ደውዬላት ነበር። ትኬቱን ገና አልቆረጠችም፣ ተመስገን። ቀኑን ግን አልተስማማንም። እሷ ከአንድ ሳምንት በላይ ፈቃድ የላትም። እኔ ደግሞ ቤቴን እንድታይልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ጋ እንድታድር እፈልጋለሁ።

ፓዶቫ ነዋሪ
ስትወስኑ ጻፊልኝ፣ ሚያዝያ 30 ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ባዚሊካው ለጎብኚ በትኬት ነው፣ ለጸሎት የሚገባ ግን በጎን በኩል በሌላ በር ያለ ክፍያ ይገባል። አፅሙ ያለው በዋናው መሠዊያ ሥር ነው። ትከሻ ሳይሸፈን አያስገቡም፣ ነጠላ ያዙ። ለእህትሽም ከሌላት እኔ ሁለት አለኝ።