የኮሪደሩ አምፖል በየ7 ወሩ ይቃጠልብኛል፤ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው ወይስ የሽፋኑ?

ፋኖስ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሳለች። ከመኝታ ክፍሏ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ያለው ኮሪደር መስኮት የለውም፤ ያለችው አንዲት የኮርኒስ መብራት ብቻ ናት። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ማብሪያውን ብትጫነው እምቢ አለ። ግድግዳውን እየዳበሰች ስትሄድ ትከሻዋን የበሩ ጠርዝ መታት። በልዟል እንጂ ደህና ናት፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ኮሽ ባለ ቁጥር እየባነንኩ ነው።

ይሄ የተቃጠለው 3ኛው ነው። ሦስቱም ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ፣ ኢ27 የሚባለው ጥምዝ አንገት ያላቸው ናቸው። ካርቶኑ 15,000 ሰዓት ይላል። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ከ8 ዓመት በላይ ማለት ነው። ከ2ኛው ጀምሮ የገጠምኩበትን ቀን አንገቱ ላይ በእርሳስ ስለምጽፍ በግምት አይደለም የምናገረው፤ ይሄኛው የቆየው 7 ወር ነው። ሲባዛ 1,000 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። የድሮው ባለ ክር አምፖል እንኳ ይህን ያህል ይቆይ ነበር፤ ታዲያ ምን ተሻለን?

መቀየሩም ራሱን የቻለ መከራ ነው። ሽፋኑ ወፍራም የብርጭቆ ጎድጓዳ ነው፤ ዙሪያውን 3 ትንንሽ ብሎኖች ይዘውታል። መሰላል ላይ ቆሜ በግራ እጄ ብርጭቆውን ደግፌ በቀኜ ብሎኖቹን ስፈታ አንገቴ ይደነዝዛል። ብርጭቆው ሲወርድ ውስጡ የደረቀ የእሳት ራት ሞልቶታል። የዘንድሮውን አምፖል ሳወጣው ደግሞ ነጩ ፕላስቲክ ከአንገቱ አካባቢ ወደ ቡናማ ተለውጦ አገኘሁት። የአምፖሉ ችግር ነው? የሽቦው ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ካቻቢቴ፦
እግዜር ይማርልዎ ለእናትዎ። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል ያሉት ነገር ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሙቀት ነው።

ባለ ክር አምፖል አብዛኛውን ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ውጭ ይረጨዋል። ኤልኢዲ ከእሱ እጅግ ያነሰ ቢሞቅም ሙቀቱ የሚሄደው ወደ ኋላ፣ ወደ አንገቱ ነው። አንገቱ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ለኤልኢዲዎቹ የምታመቻች ትንሽ ሰርኪዩት አለች። እሷ ላይ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ የሚለቅ ትንሽ ክፍል) ውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ሙቀት ያደርቀዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። እርስዎ አምፖሉን አፉ በተደፈነ ብርጭቆ ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርገው ሰቅለውታል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫ ስለሌለው እዚያው አንገቱ ዙሪያ ይቀመጣል። ካርቶኑ ላይ ያለው ሰዓት አየር ለሚያገኝ አምፖል ነው። ጎኑን አዙረው ቢያነቡት በዝግ ሽፋን ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ጽሑፍ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ላይ አለ፣ በጣም ደቃቅ ፊደል ስለሆነ ማንም አያየውም።

አንድ ሌላ ነገር ይዩልኝ። ብሬከሩን ያውርዱ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አጥፍቶ እጅ ማስገባት አይሆንም፣ በስህተት ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላይ የተገጠመ ማብሪያ ከሆነ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) መያዣው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። በቴስተር ካረጋገጡ በኋላ የአምፖሉን መያዣ ውስጥ ይመልከቱ። መሃል ላይ ያለችው የነሐስ ምላስ ጠቁራለች? ተጋድማለች? አምፖል ሲጠብቅ በኃይል ከተጠመዘዘ ምላሷ ትተኛና በደንብ አትነካውም፤ ያኔ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ያም ሌላ ሙቀት ይጨምራል።

ባለመሰላሉ፦
እኔ ግን ሆን ተብሎ የሚሠራ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1924 ትልልቆቹ አምፖል አምራቾች ፊበስ የሚባል ኅብረት መሥርተው የአምፖል ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት እንዳያልፍ ተስማምተው ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ያመረተ መቀጮ ይከፍል ነበር። ታሪክ ነው፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ አምፖሉ የማይወጣው ዓይነት ነው። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ መብራት ኤልኢዲው ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። አንድ ጥግ ላይ ጠቆረና ጠፋ። አምፖል ልቀይር ብል አምፖል የለውም! ሙሉውን አውርጄ ጣልኩ፤ አዲሱ ደግሞ የብሎን ቀዳዳው ከድሮው ጋር ስላልገጠመ ኮርኒሱን እንደገና በሳሁት። ደህና ቆርቆሮ፣ ደህና ሽፋን፣ ደህና ሽቦ ለአንዲት ነጥብ ብሎ መጣል በእውነት ያሳዝናል።

ካቻቢቴ፦
ባለመሰላሉ ያለው ታሪክ እውነት ነው። የጠያቂው አምፖል ግን በሙቀት ነው የሞተው፤ ያንኑ አምፖል ክፍት ቦታ ቢሰቅሉት ዓመታት ይቆይ ነበር። ተጣብቆ ስለሚሠራው መብራት ግን በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። ደንበኞቼን ሁሌ የምለምነው አምፖሉ ለብቻው የሚወጣ መብራት እንዲገዙ ነው።

ጥላ፦
እኔም አባቴን ስለማስታምም አንድ ነገር ልበል። ብርጭቆውን አውልቀው አምፖሉን ራቁቱን እንዳይተዉት። ዕድሜ ሲገፋ ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል፤ አንጸባራቂ ነገር ደግሞ የበለጠ ይረብሻል። አባቴ እርቃኑን አምፖል ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ለትንሽ ጊዜ ምንም አይታየውም ነበር። ከታችም ከላይም ክፍት የሆነ የጨርቅ ሽፋን ነው የረዳን።

ስትገዙ ዋቱን ትታችሁ ሉመኑን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን፣ እዩ። የድሮው 60 ዋት ወደ 800 ሉመን ነው። ለሌሊት ግን ያን ያህል አያስፈልግም፤ ቀለሙም (በኬልቪን ነው የሚለካው) 2,700 የሚለው ቢጫ ብርሃን ይሻላል፣ 6,500 የሚለው ነጭ እንቅልፍ ያባርራል። ደግሞ በአንድ መብራት ብቻ አትተማመኑ። ከጉልበት በታች ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ሰው ሲያልፍ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች። የላይኛው ቢቃጠል እንኳ መሬቱ ይታያል።

ፋኖስ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ብሬከሩን አውርጄ ከፈትኩት። ምላሷ እንደተባለው ተጋድማለች፣ ጫፏም ጠቁሯል። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብዬ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አደረግኳት፤ ጥቁሩን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩት። የመጨረሻውን የተቃጠለ አምፖልም ክዳኑን ፈልቅቄ አየሁት። ውስጡ 12 ቢጫ ነጥቦች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ መሃሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ጠባሳ አላት። የቀሩት 11ዱ ንጹሕ ናቸው። ለምን ሁሉም ጠፉ?

ብርጭቆውን አስወግጄ የጨርቅ ሽፋን አደረግሁ፤ የምትሰካዋንም መብራት በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። እናቴ ጠዋት ላይ «ሌሊት እግሬን አየሁት» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ አዲሱ አምፖል ማብሪያውን ካጠፋሁት በኋላም በጣም ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ማብሪያው ላይ በጨለማ የምትታይ ቀይ ነጥብ አለች፤ ከእሷ ጋር ይያያዛል?

ካቻቢቴ፦
ቢጫ ነጥቦቹ ኤልኢዲዎቹ ናቸው፤ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው በአንድ መስመር ነው የተያያዙት፤ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ ይቋረጣል። እሷንም የገደላት ያው ሙቀት ሳይሆን አይቀርም፤ ይሄኛው በካፓሲተሩ ሳይሆን በነጥቧ በኩል ሄዷል።

ቀይዋን ነጥብ በትክክል ጠርጥረዋል። እሷ እንድትበራ ትንሽ ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል ያልፋል፤ ባለ ክር አምፖል አይሰማውም ነበር፣ ኤልኢዲ ግን በዚያችው ይፍገመገማል። ነጥብ የሌለው ማብሪያ ይቀይሩበት። ቀይረውም ካልጠፋ ፌዙና ኒውትራሉ ተገለባብጠው ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሺያን ይይልዎት፤ እርስዎ አይንኩት።