ዳክዬ አዳኞች ነበርን፤ አሁን መጠበቅ እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?

የቡራዩ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ልጅ ሆነን ከአጎቴ ጋር በገፈርሳ አካባቢ ባሉ ረግረጎች ዳክዬ እናድን ነበር። እኛ ቤት ዳክዬ አይበላም፤ ለፈረንጆች ነበር የምንሸጠው። ጠመንጃውን ካስቀመጥን ቆየን። ባለፈው ጥቅምት አጎቴን ይዘን ወደ ድሮው ቦታችን ሄድን፤ ግማሹ አፈር ተሞልቶ ቤት ተሠርቶበታል፣ በቀረችው ውሃ ላይ አሥር የማይሞሉ ዳክዬዎች ነበሩ። አጎቴ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «እኛ ነን የጨረስናቸው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አሁን አራታችንም ቅዳሜ ቅዳሜ ነፃ ነን፣ ወፎቹን ከሩቅ እናውቃቸዋለን፣ መቁጠርም መጠበቅም እንፈልጋለን። ፈቃድ ያስፈልጋል? እንዴት ነው የሚቆጠረው? ደግሞ የሰፈሩ ሰው በአዳኝነት ስለሚያውቀን ስንታይ ይጠረጥረናል፣ ይሄን ምን እናድርገው?

ወፍ ቆጣሪ፦ ወንድሜ፣ እናንተን ነው የምንፈልገው። ዳክዬ ሲነሳ ከአበራረሩ የሚለይ ሰው በቀላሉ አይገኝም። በብዙ አገሮች የውሃ ወፎች በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር ይቆጠራሉ፣ በእኛ ጥምቀት ሰሞን ማለት ነው። ያኔ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የመጡት ሁሉ እዚህ ናቸው፤ ጅራተ ሹሉም፣ ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውም። ጠዋት በማለዳ ሂዱ፣ ፀሐይን ጀርባችሁ ላይ አድርጉ፣ ውሃው ጋ አትጠጉ። መንጋው ትልቅ ከሆነ አንድ በአንድ አትልፉ። መጀመሪያ አሥር ቁጠሩና አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ መንጋውን በዚያ ልክ ለኩት። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆማችሁበትን ቦታ ሳትጽፉ አትመለሱ። ያልለያችሁትን «ያልታወቀ ዳክዬ» በሉት፣ በግምት ስም አትስጡት። ደግሞ ያቺን ጥቁሯን፣ ግንባሯ ነጭ የሆነችውን፣ ብዙ ሰው ዳክዬ ይላታል፤ ዳክዬ አይደለችም፣ ለብቻ ጻፏት።

የግድቡ ጎረቤት፦ ስለ ፈቃድ ልንገርህ። ገፈርሳ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው፣ ዝም ብሎ አይገባም። ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ በፊት ግን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን አነጋግሩ፣ በወፍ ጥበቃ የቆዩ ሰዎች ናቸው፣ ቁጥራችሁም ደብተር ውስጥ ከሚቀር እነሱ ጋ ይድረስ። ጠመንጃ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ «ለጅብ ነው» ብትሉም ማንም አይሰማችሁም።

እትዬ ከሱሉልታ፦ ልጄ፣ እኔ የምለምንህ ስለ ዝይዋ ነው። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያላት፣ አንገቷን ወደ ጀርባዋ ሰብስባ የምትሄደዋ። ከእኛ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ሣር ውስጥ መሬት ላይ ነው የምትጥለው፣ ውሻም ይደርስባታል፣ ወንጭፍ የያዙ እረኞችም እንቁላሏን ይለቅማሉ። ልጆቹን አትቆጧቸው። እኔ ሁለቱን «ጎጆዋን አንተ ነህ የምትጠብቀው» ብያቸው አሁን ሌላውን እነሱ ናቸው የሚከለክሉት። ዓይኗ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለባት ሌላ ዝይ ናት፣ እሷ በብዙ አገር አለች፣ እንዳታምታቱ።

አደን ያቆመ፦ እኔም እንደ እናንተ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጥይታችን የተበተኑት የእርሳስ ፍሬዎች ጭቃው ውስጥ ይቀራሉ፣ ዳክዬ ጠጠር መስሏት ትውጣቸዋለች፣ ትመረዛለችም። አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን እርሳስ በፈረንጆቹ ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተከልክሏል። እዚያ ዳክዬ የሚያድን ሰው በፈረንጆቹ ከ1934 ጀምሮ በየዓመቱ ለአደኑ የሚያስፈልግ ቴምብር ይገዛል፣ ገንዘቡም ረግረግ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። ስለዚህ አዳኝ ጠባቂ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ እናንተ አይደላችሁም። ለአጎትህ ግን እውነቱን ንገራቸው፤ እኛ ገድለናል፣ ረግረጉ ባይደለደል ኖሮ ግን የቀሩት መመለሻ ነበራቸው። ሰፈሩንም በወሬ አታሳምኑትም። መጀመሪያ ቀን ሽማግሌዎቹን ቡና ጠጡና ቢኖኩላሩን ስጧቸው፣ ራሳቸው ይዩ።

የቡራዩ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እትዬ በተለይ። ማኅበሩ ጋ ሰኞ እንሄዳለን። አጎቴ ያነበብኩላቸውን ሰምተው «ጽሕፈቱን ለእኔ ስጡኝ፣ ዓይኔ ባይደርስም እጄ ይሠራል» ብለዋል። አንድ ቢኖኩላር አለን፣ ለአራት ሰው አይበቃም። ለጥምቀት ሰሞን የሚያውሰን ካለ ቡራዩ ድረስ መጥተን እንወስዳለን፣ አዲስ አበባም ቢሆን።

ወፍ ቆጣሪ፦ እኔ ጋ አንድ አለ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።