ፓራግላይዲንግ መጀመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ምን ማወቅ አለበት?

የጅሬን ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፤ ዕድሜዬ 27፣ ክብደቴ ደግሞ 62 ኪሎ ግራም ነው። ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለዓመታት የበረረበትን የፓራግላይዲንግ (ከኮረብታ ተነሥቶ ያለ ሞተር የሚበረርበት የጨርቅ) ክንፍ ከነመቀመጫ ትጥቁ ለፋሲካ ሲመጣ ይዞልኝ ሊመጣ እንደሚችል ነግሮኛል። እርሱ ከእኔ እጅግ የሚገዝፍ ሲሆን፣ ክንፉ ላይ የተሰፋው ጽሑፍም ከ95 እስከ 115 ኪሎ ይላል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በወጣሁ ቁጥር ከተማዋን ቁልቁል እያየሁ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሜዳ ላይ ማረፍ ያን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። ስጦታውን ከመቀበሌ በፊት ማወቅ የሚገባኝን ብትነግሩኝ፣ በተለይም ቪዲዮ እያየሁ በራሴ መማር እችል እንደሆነ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከኬሪዮ የተመለሰ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፦ አትችልም። እኔ ትምህርቴን ውጭ አገር ጨርሼ፣ በኋላም በኬንያው የኬሪዮ ሸለቆ ላይ የበረርሁ ነኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳለፍሁት ግን እግሬ ከመሬት ሳይነሣ፣ ክንፉን በነፋስ ራሴ ላይ አቁሜ መያዝን በመለማመድ ነበር። ሰው ሲደነግጥ በእጁ ያለውን ሁሉ ወደ ታች ይጎትታል። በዚህ ስፖርት ሁለቱን ፍሬኖች (ክንፉን የምንመራባቸውና የምናዘገይባቸው በእጅ የሚያዙ ገመዶች) ከልክ በላይ መጎተት ክንፉን ከፍጥነቱ አውጥቶ መሸከሙን እንዲያቆም ስለሚያደርገው፣ ራስን ለማዳን የተደረገው ነገር ራሱ ሰውን ይጥላል። ይህን ደመ ነፍስ የሚያስተካክለው በሬዲዮ «እጅህን አንሣ» እያለ የሚያርም አስተማሪ እንጂ ቪዲዮ አይደለም።

ክንፉን በተመለከተ፣ የተሰፋው ቁጥር የአብራሪውን ብቻ ሳይሆን የክንፉን፣ የትጥቁንና የልብሱን ጠቅላላ ክብደት የሚመለከት ነው። አንተ ከነዕቃህ 80 ኪሎ ቢሞላህ ነው፤ ስለዚህ ከዝቅተኛው ወሰን 15 ኪሎ ታንሳለህ። ቀላል ሰው የተሸከመ ሰፊ ክንፍ በዝግታ ይሄዳል፣ ነፋስ በቀላሉ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ በሚናወጥ አየርም የመታጠፍ ዕድሉ ይጨምራል። ደረጃውንም ጠይቀው። በአውሮፓው መመዘኛ ክንፎች ከኤ እስከ ዲ ይመደባሉ፤ ለጀማሪ የሚሆነው ኤ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው የሚበርበት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ጨርቁም ፀሐይ የሚበላው ነገር ስለሆነ፣ መጨረሻ የተመረመረበትን ቀንና የበረረበትን ሰዓት ሳታውቅ አትቀበል። ተጠባባቂ ፓራሹት መኖሩን አልጠቀስህም። ያለ እርሱ አይበረርም፤ በዓመት አንድ ጊዜም በባለሙያ ተፈትቶ እንደገና መታጠፍ አለበት።

ደመና ጠባቂ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ስለ አገራችን አየር ልጨምር።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ ክንፉ አንተን ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሲነሡ የሚሮጠው ሩጫም ሆነ ሲያርፉ መሬት የሚገናኙበት ፍጥነት ቪዲዮው ላይ ከምታየው ከፍ ይላል። የአብዛኞቹ ክንፎች የተለመደ ፍጥነት በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነፋሱ ይህን ያህል ከሆነ ባለህበት ቆመህ ትቀራለህ፣ ካለፈም ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ጀማሪ ከ20 በላይ በሆነ ነፋስ ባይነሣ ይመረጣል። ነፋሱ በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆንም አስብ። ነፋሱ ከኮረብታው ጀርባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቀላል ቢመስልም ከፊት ለፊት የሚሽከረከር አየር ስለሚፈጥር ጨርሶ አይነሣም።

በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው አየር የተረጋጋ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል ተርማል የሚባለው ሞቃት አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ይህ ለልምድ አዋቂው ሀብት፣ ለጀማሪው ግን ፈተና ነው። ከበልግ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የሚያብጠውን ጥቁር ደመና እኛ ጅማዎች ከሕፃንነታችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ከሥሩ በርረን አናውቅም። ኤቫ ቪሽኒየርስካ የተባለችው አብራሪ በ2007 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ደመና ስቧት እስከ 9,946 ሜትር ከወጣች በኋላ ራሷን ስታ፣ በዕድል ተርፋለች። እርሷ ደግሞ ጀማሪ አልነበረችም።

ማረፊያህስ? ከጅሬን ሲታይ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ሜዳ አይደለም፤ የቡና ጥላ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የገበሬ ማሳ ነው። ሽቦ ከሩቅ ስለማይታይ ምሰሶውን ፈልግ። የአውሮፕላን ማረፊያውም ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይጠየቅ ከከተማዋ በላይ መብረር የማይታሰብ ነው። ዕቃው ከመላኩ በፊት የጉምሩኩንም ጉዳይ ጠይቅ።

የአጥንት ክፍል ነርስ

እኔ በርሬ አላውቅም። ከከፍታ የወደቀ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቁርጭምጭሚቱንና የታችኛውን የጀርባ አጥንቱን ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማና የራስ ቁር አይቅርብህ፤ መቀመጫው ላይ እንደተቀመጥህ ሳይሆን እግርህን አውርደህ እረፍ፤ ብቻህንም ወደ ኮረብታ አትውጣ።

ቶሎሳ ሜዳ

ሁላችሁም ልጁን አስፈራራችሁት። ክንፉን ተቀብሎ በኳስ ሜዳ ላይ ብቻ ቢለማመድ ምን ችግር አለው?

ከኬሪዮ የተመለሰ

አቶ ቶሎሳ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ልምምዱ ራሱም ጠቃሚ ነው። ሆኖም 28 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ጨርቅ ድንገት በመጣ ነፋስ ቢሞላ 62 ኪሎ የሚመዝነውን ሰው ከመሬት አንሥቶ ሊጥለው ወይም እስከ አጥሩ ሊጎትተው ይችላል። አንዱን ፍሬን ብቻ እስከ መጨረሻ ስቦ ክንፉን እንዴት ነፋሱን አስለቅቀው መሬት ላይ እንደሚያስተኙት የሚያሳየው ሰው አጠገቡ እስካለ ድረስ እኔም አልቃወምም።

የጅሬን ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአክስቴ ልጅ ዛሬ ደወልሁለት፤ ክንፉ ሲ ደረጃ ሲሆን ከተመረመረም አራት ዓመት አልፎታል። እንዲተወው ነግሬው፣ በምትኩ የራስ ቁሩን ብቻ እንዲያመጣልኝ ተስማምተናል። ከኬሪዮ የተመለሱት ወንድሜ፣ የጀማሪ ሥልጠና ስንት ቀን እንደፈጀብዎትና አስተማሪ ሲመርጡ በመጀመሪያ ምን እንደጠየቁ ቢያካፍሉኝ?

ከኬሪዮ የተመለሰ

አየሩ የፈቀደበትን ቀን ብቻ ብቆጥር አሥር ቀን ገደማ፤ ስንጠብቅ የዋልንበት ሲጨመር ሦስት ሳምንት። መጀመሪያ የጠየቅሁት አስተማሪው በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ በአየር ላይ እንደሚይዝ ነበር።