ጠፈርተኞች አደጋን መሬት ላይ ሆነው እንዴት ይለማመዳሉ? የተማሪዬን ጥያቄ መመለስ አቃተኝ

የአዌቱ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዓርብ ዓርብ ከክፍል በኋላ የሥነ ጠፈር ክበብ አለን። ሃያ ሦስት ልጆች ናቸው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄ አይሰማም፤ ስለዚህ ክረምት ሲቃረብ ግማሹን ትምህርት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው የምናወራው።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሲሙሌተር አነሳሁ። እስከ ዛሬ ይህን ያህል የተከራከሩበት ርዕስ አላስታውስም። ጠፈርተኛ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት በመንኮራኩር አምሳያ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይለማመዳል አልኳቸው። መቀመጫው ያው ነው። ማብሪያ ማጥፊያውም ያው። መስኮቱ ላይ የሚታየው ብቻ ምስል ነው።

ወንዶቹ ወዲያው «ቲቸር፣ ታዲያ የመሬትን ስበት እንዴት አጠፉት?» አሉኝ። ይህን መልሻለሁ። ማንም አላጠፋውም። ልምምዱን ቆራርጠው ለተለያየ ቦታ ነው ያከፋፈሉት። ለመንሳፈፍ አውሮፕላን አለ፤ በቅስት መንገድ ወጥቶ ሲወርድ ውስጡ ያሉት ሰዎችም አብረውት ስለሚወድቁ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ያህል ክብደት አይሰማቸውም። ከመንኮራኩር ውጭ ለሚሠራ ሥራ ደግሞ አሜሪካ፣ ሂውስተን ውስጥ ትልቅ ገንዳ አለ። 62 ሜትር ይረዝማል፣ 31 ሜትር ይሰፋል፣ 12 ሜትር ይጠልቃል። ልብሱን በክብደትና በተንሳፋፊ ነገር ያመጣጥኑታል፤ ሰውየው አይሰምጥም፣ ሽቅብም አይወጣም። ልብሱ ውስጥ ያለው ሰውነት ግን ክብደቱን አልጣለም። ተዘቅዝቆ ሲሠራ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ይወርዳል። ውሃውም እጁን ይይዘዋል፤ ጠፈር ላይ ግን የሚይዝ ነገር የለም። አንድ ልጅ «ስለዚህ እያንዳንዱ ልምምድ የሆነ ቦታ ላይ ይዋሻል ማለት ነው» አለ። ደስ አለኝ፤ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

ያቃተኝ ሌላው ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ብዙ አትናገርም። እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እንደማይሞት እያወቀ የሚለማመድ ሰው ምን ይማራል?» አለችኝ። የሆነ መልስ ሰጠሁ። ለራሴም አላረካኝም። ያን ቀን ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ሙሉ መንገዱን ይህንኑ ሳስብ ነበር።

አሁን ልጆቹ የራሳችንን ሲሙሌተር እንሥራ ብለዋል። ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ኮምፒውተር ሳይኖር የሚሠራ ነገር ሲሙሌተር ሊባል ይችላል? ደግሞ ጠፈርተኛ ሲነሳ በጀርባው ተጋድሞ ነው። እንዲህ ያለ ወንበር በትንሽ ወጪ እንዴት ይሠራል? የምታውቁ እርዱኝ።

ሲሙሌተር ጠጋኝ

መምህር፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ቦቾ ቦሬ ነው። አሁን አዲስ አበባ የአብራሪዎች ሲሙሌተር ጥገና ላይ እሠራለሁ። ጥያቄዎን ሳይ ሰፈሬ ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ኮምፒውተሩ። የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ኤድዊን ሊንክ ነው። ቤተሰቡ የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የመጀመሪያው የበረራ ማሰልጠኛ የሚንቀሳቀሰው በኦርጋን ወናፍና ፓምፕ ነበር። አንጥረኛ ቤት የምናየውን ወናፍ ያስቡት። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስንትና ስንት አብራሪ በእሱ ሠለጠነ። በስሙ የሚጠራው ድርጅት በኋላ ሰው ጨረቃ ላይ ያደረሰውን የአፖሎን ሲሙሌተር ሠርቷል። ስለዚህ ልጆቹን በርቱ ይበሏቸው።

ስለ ስበት ለወንዶቹ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የምጠግነው ክፍል በስድስት እግር ላይ ነው የቆመው። አብራሪው ለመነሳት የሞተሩን ኃይል ሲጨምር ክፍሉ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ያጋድላል። መስኮቱ ላይ ያለው ምስል ግን ቀጥ ብሎ ይቆያል። ጀርባው ወንበሩን ሲጫነው ሰውየው «እየፈጠንኩ ነው» ብሎ ያምናል። የውስጥ ጆሯችን መጋደልንና መፍጠንን ለይቶ አያውቅም። የሚገፋው ያው የመሬት ስበት ነው፤ እኛ አቅጣጫውን ነው የሰረቅነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ሰው ሲሙሌተር ሲባል ማሽኑን ያያል። እኔ ከጀርባ ያለውን ወንበር ነው የማየው። እዚያ አሠልጣኙ ይቀመጣል። ሞተር ያጠፋል፣ እሳት ያስነሳል፣ መሣሪያ ያበላሻል። ያ ሰው ከሌለ ሲሙሌተሩ ውድ ወንበር ነው።

የአፖሎ 11ን ታሪክ ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1969 ነው። ጉዞው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰዎች ጨረቃ ላይ ማረፍን እየተለማመዱ ነው። ዲክ ኩስ የሚባል ሰው የልምምዱ መሪ ነበር፤ ሥራው እነሱን ማስቸገር ነው። የማረፊያዋ መንኮራኩር ኮምፒውተር 1201 የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ አደረገ። ስቲቭ ቤልስ የሚባል የ26 ዓመት ልጅ ኮምፒውተሩን ይከታተል ነበር። ቁጥሩን አያውቀውም። ማረፉ ይቅር ብሎ አስቆመ። ልምምዱ ሲያልቅ ኩስ «ማቆም አልነበረባችሁም» አላቸው። ማስጠንቀቂያው «ሥራ በዝቶብኛል፣ ዋና ዋናውን እየሠራሁ ነው» እንደማለት ነበር። አለቃቸው ጂን ክራንዝ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ እንዲጠኑ አዘዘ። ጃክ ጋርማን የሚባል ሌላ ወጣት መሐንዲስ ሁሉንም በእጁ ጽፎ ዝርዝር አዘጋጀ።

ሐምሌ 20 አርምስትሮንግና ኦልድሪን እውነተኛዋ ጨረቃ ላይ እየወረዱ ሳለ 1202 በራ። የ1201 ወንድም ነው። ጋርማን ዝርዝሩን አየ፣ ለቤልስ ነገረው፣ ቤልስ «ቀጥሉ» አለ። የወሰደው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። አረፉ።

ሌላም አለ። «እንደማይሞት እያወቀ» ላለችው፣ ሊገድል የሚችል ልምምድም ነበር። ጨረቃ ላይ ማረፍን የሚለማመዱባት፣ ክንፍ የሌላት በራሪ ማሽን ነበረች። የጄት ሞተሯ ከክብደቷ ስድስት እጅ አምስቱን ይሸከማል፤ የቀረው አንድ እጅ እንደ ጨረቃ ስበት ይሆናል። ጥሩ የፊዚክስ ጥያቄ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1968 መቆጣጠሪያዋ ሲከዳው አርምስትሮንግ ከነወንበሩ ተስፈንጥሮ በፓራሹት ወረደ። ማሽኗ ተከስክሳ ነደደች። ከዚያም በኋላ ልምምዱን አልተዉትም።

ሌሊት ተረኛ

መምህር፣ እንደምን አመሹ። የተማሪዎን ጥያቄ አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም።

ስለ ጠፈር የማውቀው የለኝም። ሚድዋይፍ ነኝ። ስማር ስኪል ላብ በምንለው የልምምድ ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ሕፃን ነበረን። ሲወለድ ያልተነፈሰ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ፣ ማለትም ፊት ላይ የሚገጠም ማስክ ባለው በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት፣ አየር ማግኘት አለበት። አሠልጣኛችን ሰዓት ይዛ ከኋላዬ ትቆማለች። አንድ ቀን ባጉን ብጨምቅ ብጨምቅ ደረቱ አልነሳ አለ። እኔ ደግሞ የባሰ በኃይል መጭመቅ። ሰዓቱ አለቀ። «ሕፃኑ ሞቷል» አለችኝ። ፕላስቲክ ነው፤ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀስኩ።

አልተቆጣችኝም። አስቀመጠችኝና «መጀመሪያ ምን አየሽ? ከዚያስ ምን አሰብሽ?» እያለች ጠየቀችኝ። ማስኩን ሆን ብላ በትልቅ ቁጥር ቀይራው ነበር። አየሩ በጉንጩ በኩል ይወጣል። እኔ ፊቱን አላየሁም፤ ባጉን ብቻ ነበር የማየው።

ከዓመታት በኋላ ከጅማ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። መብራት የለም። በስልክ ባትሪ ነው የምንሠራው። ሕፃኑ ተወለደ፣ ዝም አለ። ጨመቅሁ፤ ደረቱ አልተነሳም። እጄ ሳላዘው ወደ ማስኩ ሄደ። በደንብ አልገጠመም ነበር። አስተካከልኩት፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አደረግኩት። ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ደረቱ ከፍ አለ። ትንሽ ቆይቶ አለቀሰ። እናቱ ከአልጋው ላይ በኦሮምኛ «ገላቶሚ»፣ አመሰግናለሁ፣ ስትል እሰማታለሁ።

ተማሪዎን እንዲህ በሉልኝ። እኔ እንደማይሞት እያወቅሁ ነው የተለማመድኩት። ያ ሌሊት ግን ለሁለተኛ ጊዜ የገጠመኝ ሌሊት ነበር።

የአዌቱ መምህር

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስልኬን ለባለቤቴ ሰጥቼ እሷም አነበበችው። ዓርብ ዕለት፣ ስም ሳልጠራ፣ ለልጆቹ እንዳነብላቸው ይፈቅዱልኛል?

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። እኔ ልጆቹ ጓደኞቻቸው ፊት ሲሳሳቱ እንዳያፍሩ እፈራለሁ። ያቺ ልጅ በተለይ።

ሌሊት ተረኛ

በደስታ ያንብቡላቸው። እኛ ጋ አንድ ደንብ ነበረን። ከልምምዱ በኋላ መጀመሪያ የሚናገረው የተለማመደው ሰው ነው። ያየውን ብቻ ይናገራል። እስኪጨርስ ማንም አያርመውም። ፈገግታም ቢሆን ይከለከላል።

ሲሙሌተር ጠጋኝ

በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ። ሞስኮ አጠገብ ባለው የጋጋሪን ማሠልጠኛ ማዕከል ሶዩዝ በተባለው የሩሲያ መንኮራኩር የሚጓዙት ከበረራ በፊት ሲፈተኑ ከታሸጉ ፖስታዎች አንዱን ያነሳሉ። የሚገጥማቸው ብልሽት እዚያ ውስጥ አለ፤ የሚያውቁት ግን አሠልጣኞቹ ናቸው። እናንተም በካርድ አድርጉት። ዕጣ ሲሆን «ቲቸር እኔን ጠልቶ ነው» የሚል አይኖርም።

አናጢው ሄርማታ

ወንድሜ፣ ስለ ወንበሩ ማንም አልመለሰልህም። አትጨነቅ። አዲስ ወንበር አያስፈልግህም። ጠንካራ የእንጨት ወንበር በጀርባው መሬት ላይ አጋድመው። ልጁ ጉልበቱን አጥፎ ይተኛበታል፤ እግሩ መቀመጫው ላይ ያርፋል። መደገፊያው መሬቱን እንዳይነካ ከሥሩ ሁለት ጣውላ አስገባ። ዙሪያውን በኮምፖርሳቶ ሸፍነው፤ ፊት ለፊቱ የማብሪያውን ሰሌዳ ስቀል። ቁርጥራጭ ኮምፖርሳቶ እኔ ጋ አለ፣ ዋጋ የለውም። በርጩማ ስሠራ የሚተርፍ እንጨትም ትወስዳለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ና፤ ልኩን ይዘህ።

የአዌቱ መምህር

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ሠርተነዋል።

አናጢው ወንድማችን እንጨቱን ብቻ አይደለም፣ ግማሽ ቀኑንም ሰጠን። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተጋድሟል። ከመርካቶ አሥራ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያና ትናንሽ አምፖል ገዛን፤ በድንጋይ ባትሪ ነው የሚሠራው፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ሁለት ልጆች ውስጥ ይተኛሉ። አራቱ «መቆጣጠሪያ ክፍል» ሆነው የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው። የሚከተሉትን ቅደም ተከተል እኔ ጻፍኩላቸው፤ አሥራ አራት ተራ ቁጥር።

ካርዶቹን ማን ይያዝ ስል ያቺ ልጅ እጇን አወጣች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልጆች ቀይ መብራት ሲበራባቸው ደንግጠው ሁሉንም አጠፉ። ሳቅ የለም፤ ደንቡን አክብረዋል። ሁለተኛዎቹ ረጋ ብለው በወረቀቱ ሄዱ። ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ሦስተኛዎቹም እዚያው ቆሙ። እኔ ልጆቹ አልተዘጋጁም ብዬ ማዘን ጀምሬ ነበር።

ለመነጋገር ስንቀመጥ ልጅቷ «ቲቸር፣ ሁለቱም ቡድን አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የወረቀቱ አይሆንም?» አለች። አየነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ተገላብጠው ነበር። ዋናው ኃይል ከመከፈቱ በፊት ፓምፑን ክፈቱ ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ስለ አፖሎ 13 ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1970 ነው። በመንገድ ላይ የኦክስጅን ታንክ ፈንድቶ መንኮራኩሯን አጥፍተው መቆየት ነበረባቸው። ሊመለሱ ሲቃረቡ በጥቂት ኃይል እንደገና የሚያስነሱበት ቅደም ተከተል አልነበረም፤ መሬት ላይ ያሉት አዲስ መጻፍ ነበረባቸው። የጻፉትንም እንዲሁ አላነበቡላቸውም። መጀመሪያ ሲሙሌተር ውስጥ ሞከሩት። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ሩቤላ ለተባለ ተላላፊ በሽታ ተጋልጧል ተብሎ ከጉዞው የቀረው ኬን ማቲንግሊ ነው። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ዝናብም አልነበረም።

ወረቀቱን ልጅቷ ቤቷ ወስዳ በራሷ እጅ ጽፋ አመጣችው። ለሚቀጥለው ዓርብም አራት አዲስ ካርድ አዘጋጅታለች። ወንበሩ ላይ የምተኛው እኔ እንድሆን ክበቡ ወስኗል። ካርዶቹ ላይ ምን እንዳለ ጠይቄያት አልነገረችኝም።